የሽመላ መታጠቢያ ጣራ

ኦሪካሳ ቶዮኮ ዕድሜዋን የፈጀችው ብረት ሲወጠር በመለካት ነው። የተወለደችው ኩራሳዋ በምትባል የተራራ ከተማ ሲሆን፣ ሥራዋ ግን ከተራራው በታች በባቡር በሚደረስበት ትልቅ ከተማ፣ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። መምህር አልነበረችም። መምህሩ ሲያስተምር ዕቃ የምታዘጋጅ፣ የተበላሸ የምትጠግን፣ ተማሪ የነካካውን የምታስተካክል ሠራተኛ ነበረች። ቤተ ሙከራው ውስጥ ከጠረጴዛ የማይበልጥ የጣራ አጽም ነበር፤ ክዳን የለው፣ ግድግዳ የለው፣ ሁለት ወራጅ፣ አንድ አግዳሚና በመካከላቸው የተጋጠሙ ቀጫጭን ዘንጎች ብቻ። ተማሪዎቹ እጀታውን እያዞሩ ጭነት ሲጨምሩበት፣ በየዘንጉ ላይ የተለጠፉት ጥፍር የሚያካክሉ መለኪያዎች የትኛው ዘንግ እንደተወጠረ፣ የትኛው እንደታመቀ በቁጥር ይናገራሉ።

እነዚያን መለኪያዎች የምትለጥፈው ቶዮኮ ነበረች። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ትፈትጋለች፤ በአልኮል ትጠርጋለች፤ አንድ ጠብታ ሙጫ ታደርግና መለኪያውን አስቀምጣ በአውራ ጣቷ ትጫናለች። እስኪይዝ ድረስ አታወራም፣ ዘወር አትልም። ከሙጫው ብዛት የአውራ ጣቷ አሻራ ከጠፋ ቆይቷል። ባል አላገባችም፤ እናቷን አስታማ ቀበረች። ጡረታ ስትወጣ የእናቷን ቤት አጽድታ ጠቅልላ ኩራሳዋ ገባች።

ኩራሳዋ የበረዶ አገር ነው። ብርዱ ሲገባ መንገዱ በበረዶ ግድግዳ መካከል የሚያልፍ ስንጥቅ ይሆናል። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ስለ ጤና ከመጠየቁ በፊት «ጣራህን አወረድክ?» ይባባላል፤ ጣራ ላይ ወጥቶ በረዶውን በአካፋ ማውረድ ማለት ነው። ያላወረደ ቤቱ ይጎብጥበታል። ወጣቱ ሁሉ ወደ ትልልቁ ከተማ ስለ ሄደ ደግሞ አካፋ የሚይዘው እጅ ከዓመት ዓመት እያነሰ ነበር።

የከተማዋ ሰው አመሻሽ ላይ የሚገናኘው ሽመላ በሚባለው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነበር። በግራ የወንዶች፣ በቀኝ የሴቶች፤ በመካከላቸው ጣራውን የማይነካ ግድግዳ። ሁለቱን በሮች በሚያሳየው ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ ባለቤቷ እትዬ ናጉሞ ፉሳዬ ተቀምጠው ሳንቲም ይቀበላሉ፤ የሰውን ወሬም አብረው ይቀበላሉ። ማን እንደከሳ፣ የማን ጀርባ ላይ አዲስ ነገር እንደወጣ ከሐኪም በፊት የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

የቶዮኮ ጎረቤት ሽማግሌው ያሃጊ ቶኩዞ በየቀኑ እዚያ ነበሩ። የእንጨት ገንዳና ባልዲ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ኢሴ በሕይወት ሳሉ፣ ባልና ሚስቱ በግድግዳው ላይ እየተጠራሩ ነበር የሚወጡት። ኢሴ ከሞቱ በኋላ አንድ ቀን ቶዮኮ ሙቅ ውሃው ውስጥ እንደተቀመጠች፣ ከወዲያ በኩል የሽማግሌው ድምፅ ሊጣራ ጉሮሮውን ሲጠርግና ወዲያው ዝም ሲል ሰማች።

«አባባ ቶኩዞ፣ እኔ መውጣቴ ነው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ከወዲያ ውሃ ተንቦጫረቀ። «ውጪ፤ እኔ ገና አልበሰልኩም» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እየተጠራሩ ወጥተው አብረው ወደ ቤት መሄድ ልማዳቸው ሆነ። እሳቸው ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ የሁለቱም ራስ ላይ እንፋሎት እየጨሰ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ መከር ነው። ትንሽ የምድር መንቀጥቀጥ ሆነ፤ ሰው አልጎዳም። የሽመላ የሴቶች ክፍል ኮርኒስ ግን ተረፈረፈና ጣራውን የተሸከሙት አሮጌ ወራጆችና ከግድግዳ ግድግዳ የሚወጥሯቸው የብረት ዘንጎች ተገለጡ። የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ ሴኪያ መጣና አንጋጦ አየ። ሴኪያ ደህና ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ታታሪ፣ ፈሪ። የጣራ ባለሙያ ከሩቅ ከተማ ለማስመጣት ቢደውል በረዶው ሳይቀልጥ አንመጣም አሉት። ያን ጊዜ ቶዮኮ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እኔ እለካዋለሁ አለች። በኋላ ሌሊት ሌሊት የሚመላለስባት ይህ ነበር፤ ማንም ሳይጠይቃት።

የመለካቱ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ጉጉት ነበራት። ከጡረታ ወዲህ እጇ ሙጫ አልነካም። በመሰላል ወጥታ ዘንጎቹን ፈተገች፣ ጠረገች፣ ለጠፈች። ቤቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ መለኪያዎቹ የሚያሳዩትን መነሻ ቁጥር፣ ባለሙያዎች ንባብ የሚሉትን፣ ወሰደች። ከዚያ የከተማዋ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ከወራጆቹ መጋጠሚያ ላይ በርሜል አንጠለጠሉ፤ በመታጠቢያው ቱቦ ውሃ እየሞሉ ጣራውን በረዶ የተከመረበት ያህል ሊያከብዱት ነው።

ብረት ጭነት ባይኖርበትም ሲሞቅ ይረዝማል። መለኪያው ደግሞ ያረዘመው ጭነት ይሁን ሙቀት ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ የሙያው ሰዎች ጭነት በሌለበት ቁራጭ ብረት ላይ ሌላ መለኪያ ይለጥፉና አጠገቡ ያስቀምጣሉ። ቤቱ ሲሞቅ ቁራጩም አብሮ ይሞቃል፤ የእሱ ሲቀነስ የጭነቱ ብቻ ይቀራል። ምስክር ይሉታል። ቶዮኮ ምስክሩን ከዘንጉ ጋር ልታስር አስባ ነበር፤ ሽቦ ስታጣ በግድግዳው ጫፍ ላይ ላስቀምጠው አለች፤ ጫፉ እርጥብ ሆነባት። መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው።

በርሜሎቹን መሙላት ከታሰበው በላይ ዘገየ። እኩለ ቀን አለፈ። እትዬ ፉሳዬ ከበሩ ላይ ቆመው እጃቸውን አጣጥፈዋል።

«ቶዮኮ፣ እሳቱን አሁን ካላነደድኩ ሰው ማታ በምን ሊታጠብ ነው?»

«ዛሬን ይተዉት እትዬ። ሙቀት ከገባበት ንባቡ ይቃወሳል።»

«ደንበኛ እንደ ድመት ነው። አንድ ቀን ሌላ ቤት ከበላ አይመለስም» አሉና ሄደው አነደዱ።

ቶዮኮ መሟገት ትችል ነበር። ግን እግሯ በመሰላሉ ብረት በርዷል፤ እሷም ማታ ሙቅ ውሃ ውስጥ መግባት አምሯታል። ወደ መሰላሏ ተመለሰች። ውሃው እየሞቀ፣ እንፋሎቱ ወደ ጣራው እየወጣ ሳለ በርሜሎቹ ሞሉ፤ ንባቡን ወሰደች። ዘንጉ ከገመተችው እጅግ በላይ ተወጥሮ ታየ። በዚያ ስሌት ከሄደ፣ ጣራው ላይ ያለው በረዶ ከሰው ወገብ ሲያልፍ ዘንጉ አደጋ ላይ ነው። በኩራሳዋ ወገብ የሚደርስ በረዶ በአንድ ሌሊት ተኩል የሚከመር ነገር ነው።

ውሃው ተደፍቶ፣ እሳት አጥፊዎቹ ሄደው፣ ዕቃዋን ስትሰበስብ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀመጠችውን ቁራጭ ብረት አነሣች። እጇ ላይ እንደ በረዶ ቀዘቀዛት። ከውጭ የሚገባው ንፋስ ቀኑን ሙሉ ሲመታው ውሏል። መሰላሉን መልሳ ወጥታ ዘንጉን በመዳፏ ያዘችው፤ ለብ ያለ ነበር። ምስክሩ ሌላ አገር ነበረ ማለት ነው። ከንባቡ ውስጥ የጭነቱ ምን ያህሉ፣ የእንፋሎቱ ምን ያህሉ እንደሆነ በዚያች ሰዓት ማንም ሊነግራት አይችልም።

ነገ እደግመዋለሁ አለች በልቧ። ታጠበች፤ ከአባባ ቶኩዞ ጋር ወደ ቤት ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት ሴኪያ ደወለ። ቁጥሩን ነገረችው። ጥርጣሬዋን ልትነግረው ጀመረች፤ ስለ ሙቀት፣ ስለ መስኮቱ፤ ልጁ አልገባውም፤ ሲከፋውም ተሰማት።

«እትዬ ቶዮኮ፣ ቁጥሩን ለእኔ አይንገሩኝ» አለ። «አንድ ነገር ብቻ። ይዘጋ ወይስ አይዘጋ?»

ስልኩን እንደያዘች አሰበች። መታጠቢያው ተዘግቶ ቢቆይ ማንም ለምን አስዘጋሽ ብሎ አይከሳትም። ክፍት ሆኖ ጣራው ቢወድቅ ግን ስሟ ከፍርስራሹ ጋር ይነሣል። ሴቶቹን፣ ሽማግሌዎቹን አሰበች፤ እውነት ነው፣ አስባቸዋለች። ራሷን ግን አስቀድማ አሰበች።

«ይዘጋ» አለች። ሴኪያ ሲተነፍስ በስልኩ ተሰማት። ከዚያ በኋላ ልኬቱን የመድገም ነገር ማንም አላነሣም፤ እሷም አላነሣች።

ማስታወቂያው በር ላይ ሲለጠፍ እትዬ ፉሳዬ ደንበኞቻቸው ፊት አለቀሱ። ሰው ግን ቶዮኮን አልወቀሰም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ነፍሳችንን አተረፍሽ ብለው ራዲሽ የሚባል በጨው የቆየ ሥራ ሥር አመጡላት። አባባ ቶኩዞ ማስታወቂያውን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዳችን የየራሳችን ጠረን ይኖረናል» አሉ።

የከተማው አስተዳደር ሽማግሌዎችን በሳምንት ሁለቴ ወደ መጦሪያ ማዕከሉ መታጠቢያ የሚወስድ ሚኒባስ አዘጋጀ። ብዙዎቹ ሄዱ። አባባ ቶኩዞ እምቢ አሉ። ቶዮኮ ልትለምናቸው ብትሄድ ሳቁባት።

«እዚያ ወጣት ሴት ጀርባ ታሻለች አሉ» አሏት። «የኔን ጀርባ ያሸችው ኢሴ ብቻ ናት። አሁን ለሌላ ብሰጠው ወዲያ ስሄድ በር ትዘጋብኛለች።»

«ታዲያ የት ሊታጠቡ ነው?»

«ሃትሱዬ ያስገባችልኝ ገንዳ አለ አይደል? አምና ብዙ ገንዘብ አውጥታበታለች፤ ገብቼበት አላውቅም እንጂ።» ሃትሱዬ ሰንዳይ ከተማ የምትኖር ልጃቸው ናት።

የሽማግሌው ቤት ከውጭው የሚለይ ብርድ አልነበረውም። ሰውየው ደግሞ ውሃ የሚወዱት ቆዳ እስኪቀላ ነው። ቶዮኮ ክፍሉን አስቀድመው ያሙቁ፣ ውሃውን አያፍሉት አለቻቸው፤ እሺ አሉ። ማታ ማታ ብቅ እያልኩ አይዎታለሁ አለች። መጀመሪያ ሰሞን ብቅ አለች። ከዚያ ግን በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩዋት፣ የመስኮቱ ደፍ ትዝ ይላታል፤ እጇ ላይ ቅዝቃዜው ይመጣባታል። ዛሬ በረዶው በዛ፣ ዛሬ ጉንፋን ይዞኛል እያለች ቀረች። ከአንድ ቀን ወደ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ወደ ሳምንት።

ብርዱ በጠናበት ሰሞን እትዬ ፉሳዬ ስልክ ደወሉ። ድምፃቸው እርጋታ ነበረው። ለቶኩዞ ራዲሽ ሊያደርሱ ሄደው፣ በቀን የሰውየው መታጠቢያ ክፍል መብራት በርቶ አዩ፤ ቢጠሩ መልስ የለም። ገንዳው ውስጥ ነበሩ። ውሃው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ሐኪሙ እንዳለው ከብርድ ክፍል ድንገት ፍል ውሃ ውስጥ ሲገባ የሽማግሌ ልብ አይችልም፤ በየዓመቱ በበረዶው ወራት እንዲህ ያለ አስከሬን ያያል።

ሃትሱዬ መጣች። ከቶዮኮ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው፤ ሃትሱዬ አንድ ክፍል ትበልጣታለች። አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ እንደ ደንቡ ዘመዶች ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ በረጃጅም የመመገቢያ እንጨት አጥንቱን አብረው ያነሡና ማሰሮው ውስጥ ያስገባሉ። ዘመዶቹ ጥቂት ነበሩ። ሃትሱዬ ዞር ብላ ቶዮኮን በእጇ ጠራቻት። «አብረሽው ትሄጂ አልነበር? ነይ» አለቻት። ቶዮኮ ሄደች። እንጨቷ አጥንቱን ነካ እንጂ አልያዘም፤ የያዘችው ሃትሱዬ ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል።

ከቀብሩ በኋላ ያልታየ በረዶ ወረደ። ቀን ከሌት አላቋረጠም። ሽመላ ስለተዘጋ ጣራውን የሚያወርድ ሰው አልወጣበትም፤ ከታች እሳት ስለማይነድም አንድም አልቀለጠም። ወገብ አለፈ፤ ደረት አለፈ፤ የሰው ቁመት ሊያክል ምንም አልቀረው። ጣራው ቆሞ ነበር። ሶባ የሚባለው የፓስታ ሾርባ የሚሸጥበት ቤት ውስጥ የበረዶ ማረሻ መኪና ሹፌሩ ሳህኑ ላይ እንዳጎነበሰ «የቶዮኮ ጣራ ዛሬም አልወደቀም?» አለ። በክፋት አልነበረም፤ ሁሉም ሳቁ። ቶዮኮ ከጥግ ተቀምጣ እንደነበር አላዩም። ሾርባዋን ሳትጨርስ ወጣች።

በማግሥቱ እትዬ ፉሳዬን ቁልፍ ጠየቀች። የተለጠፉት መለኪያዎች ከነሽቦዎቻቸው እዚያው ነበሩ። ጨለም ያለው ቤት ውስጥ ገንዳዎቹ ደርቀው አፋቸውን ከፍተዋል። መሰላሉን ወጣች። አሁን ምስክሩን ብረት ከዘንጉ ጋር በሽቦ አጥብቃ አሰረችው፤ ሁለቱም እኩል እስኪበርዱ ጠበቀች። ከራሷ በላይ ወራጆቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ሸክም እንደሚችሉ ሁሉ ቀጭን ድምፅ ያሰማሉ። ፈርታ ነበር፤ አልወረደችም።

ንባቡ ዝንፍ ሳይል ቆመ። አውልቃ እንደገና አገናኘች፤ ያው። በመከር በርሜል ተንጠልጥሎበት ካሳየው ያነሰ ነበር፤ አሁን ጣራው የተሸከመው ግን የዚያን እጥፍ ነው። ዘንጉ ደህና ነው። ያን ቀን ያየችው ውጥረት አብዛኛው እንፋሎት ነበር። ሰው በየጊዜው እየወጣ በረዶውን ቢያወርድ ሽመላ ያን ክረምት ሁሉ ክፍት ሆኖ መዋል ይችል ነበር። ወርዳ የደረቀው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው እንኳ አልመጣላትም።

ቁልፉን ስትመልስ ለእትዬ ፉሳዬ ሁሉን ነገረቻቸው። አሮጊቷ እግራቸውን ከሥሩ ማሞቂያ ባለበት ጠረጴዛ ውስጥ እንደከተቱ አዳመጧት።

«እና ክፈቺው ልትዪኝ ነው?» አሉ።

«ጣራው ደህና ነው እያልኩዎት ነው።»

«ጣራው ደህና ነው፤ ጉልበቴስ?» መንደሪን እየላጡ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። «ልንገርሽ። አሥር ዓመት ሙሉ የምዘጋበት ምክንያት ስፈልግ ኖርኩ። ነዳጁ፣ ማጠቡ፣ ያ ወንበር። ሰውን ግን እንዴት ብዬ ሂዱ ልበል? አንቺ መጣሽልኝ። ሰው ፊት አለቀስኩ፤ ቤቴ ገብቼ ሻይ ጠጣሁና በቀን ተኛሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በቀን ተኝቼ አላውቅም።»

ቶዮኮ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከዚያ ሰውየውን አገኘሁት» አሉ እትዬ ፉሳዬ። «አሁን በቀንም በሌትም አልተኛም። እሳቱን ተዪ ብለሽኝ ነበር፤ አልተውኩም። ይህን ለማንም አልነገርኩም። አንቺም ለማንም ባትነግሪ ይሻላል፤ ለማን ይጠቅማል?»

መንደሪኑን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጧት። ቶዮኮ እንዲህ ያለውን ስትሰማ ቀለል የሚላት መስሏት ነበር። አልቀለላትም። እንዲያውም ንዴት መጣባት፤ የተናደደችው በማን እንደሆነ ስታስብ ደግሞ ንዴቱ ዞሮ እሷኑ ያዛት።

ሴኪያ ዘንድም ሄደች። ተሳስቼ ነበር አለችው። ልጁ ከወንበሩ ተነሥቶ ሻይ ቀዳላት፤ እትዬ ፉሳዬም አይከፍቱም፣ ክረምቱም እያለቀ ነው፣ ምን ያስጨንቅዎታል አላት። ሊያጽናናት ብሎ «ለጥንቃቄ መዝጋት ስሕተት ሆኖ አያውቅም» አለ።

«ሆኗል» አለች። የሰውየውን ስም ልትጠራ ነበር፤ ልጁ ዓይን ውስጥ ፍርሃት አየችና ተወችው።

በበጋው አጋማሽ፣ የሙታን መንፈስ ወደ ቤቱ ይመለሳል በሚባልበት በቦን በዓል፣ ሃትሱዬ የአባቷን መቃብር ልታጥብ መጣች። ቶዮኮ ባልዲ ይዛ አብራት ወጣች። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ የጥድ ጫካው ሲካዳ በሚባሉ ነፍሳት ጩኸት ይነዝራል። አረሙን ነቀሉ። ሃትሱዬ ድንጋዩን በጨርቅ እያሸች፣ ሳትዞር ጠየቀች።

«ቶዮኮ፣ ሰው ሁሉ የሽመላ ጣራ ሊወድቅ ነበር ይለኛል። የለካሽው አንቺ ነሽ። እውነት ሊወድቅ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ስትፈራው ነው የከረመችው። ነበር ብትላት ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«አይወድቅም ነበር» አለች። «በደንብ አልለካሁትም። ያልሆነ ቦታ ላይ ያስቀመጥኩት ነገር ነበር፤ ያንኑ ቀን አውቄዋለሁ። መድገም ነበረብኝ፤ አልደገምኩም።»

«ለምን?»

«ቢወድቅ ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ። ቢዘጋ ግን የሚጠይቀኝ የለም።»

ሃትሱዬ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነክራ ጨመቀች፤ ደግማ ጨመቀች።

«ብትዋሺኝ ይሻለኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ያንን ገንዳ ያስገባሁለት እኔ ነኝ። በረዶ ላይ ወጥቶ እንዳይወድቅ ብዬ ነው። ጣራው ሊወድቅ ነበር፣ ምን ይደረግ፣ እያልኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። አሁን ምን እያልኩ ልተኛ?»

ቶዮኮ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ይቅርታ ማለት ከዚህች ሴት ላይ ሌላ ነገር መጠየቅ መሰላት። ባልዲውን አንሥታ ከታች ካለው ቧንቧ ንጹሕ ውሃ ቀድታ መጣች። ሃትሱዬ ውሃውን ተቀበለቻት፤ ድንጋዩ ላይ አፈሰሰች፤ ዕጣን ለኩሳ ለቶዮኮም ሰጠቻት። ጎን ለጎን ተንበርክከው ጸለዩ። ወደ ታች ሲወርዱ አልተነጋገሩም። ሃትሱዬ ለአዲስ ዓመት በየዓመቱ የምትልክላት የሰላምታ ካርድ ከዚያ በኋላ አልመጣም።

መከር ሲደርስ ሴኪያ እንደገና በሯ ላይ ቆመ። አሁን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ነበር፤ ጣራው አርጅቷል፣ የሩቆቹ ባለሙያዎች ዘንድሮም ቀጠሮ የላቸውም። ቶዮኮ ሌላ ሰው ፈልግ አለችው። ሌላ ሰው እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። አንድ ሌሊት ስትገላበጥ አድራ እሺ አለች።

ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሕፃናቱ ሳይመጡ ለካች። ደገመች። ሌላ ቀን ሦስተኛ ጊዜ ለካች። ምስክሩን ከዘንጉ ጋር አስራ በየጊዜው በእጇ እየዳሰሰች። ከዚያ ሴኪያ ቢሮ ገብታ ቁጥሩን ከነጥርጣሬው ነገረችው፤ እስከ ደረት ለሚደርስ በረዶ ጣራው ይችላል፣ ከዚያ በላይ ያለውን አላውቅም፣ ደረት ሳይደርስ ግን መውረድ አለበት። ሴኪያ እስክሪብቶውን ያሽከረክራል።

«የሚያወርድ ሰው ከየት ላምጣ?» አለ። «ልዝጋው፤ ለሁላችንም ይሻላል።»

«ሰው ከሌላችሁ፣ ሰው የለንም ብላችሁ ዝጉት» አለችው። «በጣራው አታሳብቡ። እኔ ጣራው አይችልም አላልኩም፤ አልልምም።»

ልጁ ፊቱ ቀላ። ቢሆንም የወላጆችን ስብሰባ ጠራ፤ ወላጆችና እሳት አጥፊዎች ተራ ገብተው ሊያወርዱ ተስማሙ። አዳራሹ ክፍት ሆኖ ከረመ።

ያን ክረምት በረዶ በወረደ ቁጥር ቶዮኮ ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች። የአዳራሹ ጀርባ ሄዳ የጣራውን መስመር እያየች ትቆማለች፤ ኳስ መሬት ሲመታ፣ ሕፃናት ሲጮኹ እስክትሰማ። አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ጥበቃ አካፋውን ተደግፎ አጠገቧ ቆመ።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ደህና ነው ያሉት?» አላት። «ታዲያ ምን ይፈራሉ?»

«ደህና ነው ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ነው» አለችው፤ ዓይኗን ከጣራው ሳታነሣ።